ንጹሕ ደረት

ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ
ፌብሩወሪ 17 ቀን 2013

ለውድ የባለቤቴ ታላቅ እህት ለጸዳለ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? «እኛ ደኅና ነን» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ደብዳቤ የጻፍሁት እንደዚያ እያልሁ ነው። ዛሬ ያቺን መስመር ዘለልኋት። ለወራት ዝም በማለቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰበብ አላጣሁም፤ ሰበቦቼን ደርድሬ ሳያቸው ግን አንዱም ወረቀት የሚያስፈጅ አልሆነም።

«እህቴ ውበቴ ታማለች ወይ?» ብለሽ ከዚያ በመጣው በስሜነህ በኩል ለላክሽው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ነው። ድምጿ የቀጠነው ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። ውበቴ ከጥቅምት ወዲህ ፊቷ እየሞገገ ሆዷ እየተነፋ መጣ። ሰፈሩ አርግዛለች ብሎ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ማሚቱ የሕፃን ካልሲ ገዝታ ወጣች። ተቀበልናት፤ ምን እናድርግ። በኋላ ሐኪም ቤት ሲያዩት ሆዷ ውስጥ ያለው ውኃ ሆኖ ተገኘ።

ደሟን መረመሩ። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ለልጃችን ለኦዲያ ነገራት፤ እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አባ፣ ምልክቷ ከፍ ብሏል ነው የሚለው።»

«የምን ምልክት?»

«የዚያ ነገር። ታውቃለህ።»

«አላውቅም» አልኋት። አውቅ ነበር።

ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ አነበብሁ። መዝገበ ቃላት ይዤ አንድ ገጽ ዕብራይስጥ አንድ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሆድ ዕቃችንን በሸፈኑት ሴሎች ላይ ረዥም፣ ስኳር የለበሰ፣ ዝልግልግ ፕሮቲን እንደ ጠጉር በቅሎ ይኖራል። ሙሲን ይሉታል። የእኛው ሙሲን አሥራ ስድስት ነው፤ የቀሩት አሥራ አምስቱ ምን እንደሠሩ ገና አልደረስሁበትም። ሥራው ማለስለስና መጠበቅ ነው። ዓይናችን ላይ እንኳ አለ፤ እንባ በዓይን ላይ ሳይቆራረጥ የሚነጠፈው በእሱ ነው አሉ። ሴሎቹ ሲታመሙ ወይም ሲቆጡ ጠጉሩ እየተቆረጠ ደም ውስጥ ይገባል። ሐኪሞቹ እንግዲህ የረገፈውን ጠጉር ቆጥረው በጉ ታሟል ይላሉ። የትኛው በግ እንደሆነ፣ በምን እንደታመመ ጠጉሩ አይናገርም። የጤነኛ ሰው ከሠላሳ አምስት በታች ነው። የውበቴ ስድስት መቶ አሥራ አራት ነው።

እንዲህ ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ የእንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ነው ይላሉ። ስለዚህ አፕሪል 9 ቀን ሆዷን ከፍተው ማኅፀኗንም፣ ማፍሪያዎቿንም፣ በዙሪያው ያለውንም ሊያወጡ ቀጠሮ ይዘውልናል። ከዚያ መርዝ አለ፤ መድኃኒት ይሉታል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዶክተሩ ሳንባዋ ላይ የቆየ ጠባሳ አይቷል። «ቲቢ ይዟት ያውቃል? የቆየ ቲቢ ሆድ ዕቃ ገብቶ ልክ እንዲህ ሊያስመስል ይችላል፤ ያ ከሆነ በኪኒን ይድናል» አለ። ውበቴ፣ ኦዲያ ተርጉማ ሳትጨርስ «ይዞኝ አያውቅም» አለች። ከመምጣታችን በፊት የነበረውን ዓመት እኔ ደምቢያ ሳስተምር ነበር፤ እናንተ ጎንደር የእስራኤል ተጓዦች በሚመዘገቡበት ግቢ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ በረራ ትጠብቁ ነበር። ያን ጊዜ ያስላት ነበር ወይ? በእውነት ንገሪኝ።

መቼ ትመጫለሽ አልልሽም። ለአንዲት ጊደር ብለሽ አውሮፕላን ያስመለጥሽ ሰው ነሽ። ጊደሪቱ እንዴት ናት? በሰባት ዓመት ውስጥ አያት ሳትሆን አትቀርም።

አዳሙ


ጎንደር
የካቲት 26 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ አዳሙ፣

እንዴት ከረሙ? ልጂቱስ እንዴት ናት? እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ። ደብዳቤዎ በጤና ደረሰኝ፤ እኔ ግን በጤና አላነበብሁትም። ሁለት ቀን ሙሉ ለሰው አልተናገርሁም። ጎረቤቶቼ ጥርሷን አሟታል ብለው ቅርንፉድ አመጡልኝ።

ጊደሪቱ ደኅና ናት።

ስለ ጠየቁኝ ነገር፣ ያን ዓመት ያልሳለ ማን ነበር። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ግድግዳውም እርጥብ ነበር። እኔም ስያለሁ፤ የቤቱ ባለቤትም ይስል ነበር፤ ውሻውም ይስል ነበር። ሰው ሁሉን አያስታውስም።

እኔም የምጠይቅዎ አለኝ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ሐኪሙ የሚጽፈውን ነገር ማን ያነበዋል? መንግሥት ያየዋል ወይ? ሰው እዚያ የተናገረው ወዲህ እኛ የተመዘገብንበት መዝገብ ላይ ይደርሳል ወይ?

ቀኑ የተቆረጠ ነው ወይስ ሊገፋ ይችላል?

በውስጡ የታጠፈችው ለውበቴ ናት። እርስዎ አይክፈቷት። ስልክም አይደውሉ፤ ያለን የባየህ ሱቅ ስልክ ነው፤ እዚያ ያወሩት አስፋልት ድረስ ይሰማል። ሰው ሁሉ ለበረራ ተመዝግቦ ጆሮውን አቁሞ ነው የሚኖረው።

እግዜር ይማርልን።

ጸዳለ


ሃይፋ
ማርች 14 ቀን 2013

እት ጸዳለ፣

የታጠፈችውን ሳልከፍት ሰጠኋት። ለዚህ አታመስግኚኝ፤ ልከፍታት ፈልጌ ነበር። ውበቴ ቆማ አነበበቻት፤ ከዚያ ቧንቧውን ከፍታ ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ አጠበቻት። እኔ ዕቃ አጣቢ ነኝ፤ አረጋውያን መኖሪያ ውስጥ በቀን ሦስት መቶ ሳሕን አጥባለሁ። እንደዚያ ተፈትጎ የታጠበ ነገር አላየሁም።

«ምን ትላለች?» አልኋት።

«ሰላምታ ነው።»

«ሰላምታ ይታጠባል?»

«አዳሙ፣ ተወኝ። ይቅደዱኝና ይለቅልኝ።»

ለቀዶ ጥገናው ፊርማዋን እኮ አኑራለች። ሐኪሙ እንኳ «ጥያቄ የለሽም?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቋታል። ሰው ሱሪ ሲገዛ ከዚህ የበለጠ ይጠይቃል።

ለማወቅ ያህል ለጠየቅሽው ነገር ክሊኒኩ ሄጄ ነርሷን ሜራቭን ጠይቄያለሁ። የሐኪም መዝገብ ምስጢር ነው አለች። «ሐኪሙ የሰማውን ለመንግሥት አይናገርም?» ስላት «ለእኛም አይነግረንም» አለችኝ። ቲቢ ከሆነ ግን ለጤና ቢሮ ይነገራል፤ ለማከምና ሌላው እንዳይያዝ ነው እንጂ ለክስ አይደለም። የበረራው መዝገብ ላይ ይደርስ እንደሆነ እሷም አታውቅም። ማንም አያውቅም። እዚህ አገር መሥሪያ ቤቶች እርስ በርሳቸው ይነጋገሩ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያረጋገጠ ሰው አላገኘሁም።

ቀኑ አይገፋም። አፕሪል 9 የእናንተ ሚያዝያ 1 ነው።

እት ጸዳለ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥያቄው ሳያልቅ እጁን የሚያወጣ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ መልሱን የሚያውቅና መልሱን የደበቀ። ውበቴ ጥያቄው ሳያልቅ መለሰች። አንቺ ደግሞ ስለ ውሻ ጻፍሽልኝ። ያላችሁን ነገር አላውቅም፤ ግን እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሐኪሙ በሌለ ካንሰር ሆዷን ከፍቶ ባዶ ሊያደርጋት ይችላል፤ ከዚያም እውነተኛው በሽታ ውስጧ ተቀምጦ ይጠብቃታል። ወይም ካንሰሩ እውነት ነው፣ እኔም በከንቱ እየለፈለፍሁ ነው። የቱ እንደሆነ ለመለየት የሚረዳኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

አዳሙ


ጎንደር
መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ አዳሙ፣

ሰላምታውን ይለፉኝ።

ጊደር ኖሮኝ አያውቅም።

እርስዎ ደምቢያ ሳሉ ውበቴን ሳል ያዛት። ሌሊት ላብ ያጠምቃት ነበር። ደም ስትተፋም አየን። ግቢው አጠገብ ወዳለው ሐኪም ብንሄድ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤት ይገባል፤ በረራውም ቢያንስ አንድ ዓመት ይዘገያል። ዓመት የዘገየ ሰው ደግሞ ሲረሳ አይተናል። ስለዚህ ሩቅ ጤና ጣቢያ ሄደን በእናታችን ስም ካርድ አወጣን። ቲቢ ነው አሉ። ኪኒን ጀመረች። ሁለት ወር እንደዋጠች ሳሉ ተወ፤ ሥጋም አወጣች። ስምንት ወር ነው ብለዋት ነበር። ያን ጊዜ ስማችሁ ወጣ፤ ለጉዞ የደረት ኤክስሬይ ተጠራች። ጠባሳውን ቢያዩትስ አልን።

እኔ ገባሁላት። በካርዷ፣ በሻሿ፣ በስሟ። ሁለት ዓመት ነው የምንበላለጠው፤ በዚያ የካርድ ፎቶግራፍ ላይ እንኳን እኛ ባየህም ውበቴን ይመስላል። «ትንፋሽ ያዢ» አሉኝ፤ ያዝሁ። ደረቷ ንጹሕ ነው ተባለ።

በሁለት ሳምንቱ የእኔ ተራ ደረሰ። ያው ሰውዬ በር ላይ ቆሟል።

«አንቺ ባለፈው አልመጣሽም?» አለኝ።

«እህቴ ናት።»

«አገጭሽ ላይ ያለው ጠባሳም የእህትሽ ነው?»

ሊያስቀኝ ነበር የፈለገው፤ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ወጥቼ ሄድሁ። ብመለስ ያውቀኛል፤ ካወቀኝ እሷም ትቀራለች፤ አውሮፕላናችሁ ገና አሥር ቀን ይቀረው ነበር። ሲጠሩኝ አልቀርብ አልሁ። ለሰው ምን ልበል? ጊደር አለችኝ፣ አገሬን አልለቅም አልሁ። እርስዎ ሳቁ፤ እኔም መሳቅዎን ወደድሁት፤ የሳቀ ሰው አይመረምርም።

መዝገቤ ላይ «ተጠርታ ያልቀረበች» ይላል። ከዚያ ወዲህ እንደ አዲስ ተመዝግቤ እጠብቃለሁ።

ለውበቴ በጻፍሁላት «ንገሪያቸው» ነው ያልኋት። እሷ ለእኔ ብላ ነው ዝም ያለችው፤ ማጭበርበራችን ቢታወቅ ስሜን ፈጽሞ ይሰርዙታል ብላ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ውሻውን ያስሳልሁት፤ ይቅር ይበሉኝ። ሦስት ሳምንት ለስሜ ፈራሁ። አሁን ስሜን ይውሰዱት።

ለሐኪሙ ያንብቡለት።

ጸዳለ


ሃይፋ
አፕሪል 5 ቀን 2013

እት ጸዳለ፣

ደብዳቤሽ ትናንት ጠዋት ደረሰ። ቀትር ላይ ሐኪሙ በር ላይ ነበርን፤ ቀጠሮ ግን አልነበረንም። እዚህ አገር ያለ ቀጠሮ በር ላይ መቆም ማለት ያለ ልብስ መቆም ማለት ነው።

እኔ በአማርኛ አነበብሁ፤ ኦዲያ ወደ ዕብራይስጥ መለሰችው። «ትንፋሽ ያዢ አሉኝ» የሚለው ላይ ስንደርስ ልጂቱ ቆመች። «አባ፣ አልችልም» አለች። ውበቴ ናት በዚያ በተሰባበረ ዕብራይስጧ የጨረሰችው። ያን ያህል የምትናገር አይመስለኝም ነበር።

እኔ ፖሊስ ይጠራል ብዬ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ሐኪሙ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ስንት ወር ዋጠች፣ ስንት ዓይነት ኪኒን ነበር፣ መቼ አቆመች። ማን በማን ካርድ እንደገባ ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። «ይህ የሕክምና ታሪክ አይደለም» አለ፤ አልጻፈውምም።

ትልቁ ቀዶ ጥገና ተሰርዟል። ማክሰኞ በዚያው ቀን በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ከሆድ ዕቃዋ ሽፋን ቁራሽ ቆርጠው ይመረምራሉ። ቲቢ መሆኑን ቁራሿ ትናገራለች። ካልሆነ ደግሞ ካንሰሩን ትናገራለች፤ ገና አልተረፍንም።

ውበቴ አታናግረኝም። ለእኔ ያላትን ሁሉ በኦዲያ በኩል ትልካለች። ትናንት ማታ ሦስታችን አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን፦

«አባ፣ እማ ሾርባው ጨው የለውም በይው ትላለች።»

«ሰምቻታለሁ፤ አጠገቤ ናት።»

«ቤሰደር፣ እሺ። ግን ንገሪው ብላኛለች።»

እህቴን ሸጥህ ነው የምትለኝ። ላንቺ ምን ልበል? ሰባት ዓመት ሙሉ በጊደር ቀልጄብሻለሁ። ሠርግ ላይ ቀልጄብሻለሁ፤ ለቅሶ ቤት ቀልጄብሻለሁ፤ ሀዳር ገበያ መካከል ለማላውቀው ሰው ነግሬ አስቄያለሁ። ጥሩ ቀልድ ነበር፤ እሱ ነው የሚብሰው። ይቅርታ ማለት ፈልጌ ሦስት ጊዜ ጻፍሁና ሦስቱንም ቀደድሁት፤ የአስተማሪ ይቅርታ ሆነብኝ፣ ማብራሪያ የበዛበት። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ፤ ይቅርታ።

አዳሙ


ሃይፋ
ጁን 20 ቀን 2013

እት ጸዳለ፣

በስልኩ በጩኸት የሰማሽው እውነት ነው፤ ባየህም አስፋልቱም አብረው ሰምተዋል። ቲቢ ነው። ሰው «ቲቢ ነው» ተብሎ እልል ሲል ለሐኪሙ የመጀመሪያ ጊዜው ይመስለኛል።

በየቀኑ ነርስ ፊት ኪኒኗን ትውጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሽንቷ ብርቱካን መሰለና ቤቱ ተሸበረ። አስቀድመው አስጠንቅቀውን ነበር፤ በዕብራይስጥ። የሆዷ ውኃ እየደረቀ ነው። ቁጥሩ ከስድስት መቶ አሥራ አራት ወደ ሁለት መቶ፣ አሁን ደግሞ ወደ ሃምሳ ስምንት ወርዷል። ሽፋኑ መቆጣቱን ሲተው ጠጉሩም መርገፉን ይተዋል አለኝ ሐኪሙ፤ ስለ በጉ የነገርሁትን ሳይወድ አልቀረም። ኪኒኑ ግን እስከ ጥቅምት ነው፤ ዘንድሮ አንዲት ቀን አትዘለልም። ኦዲያ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ከእናቷ ጋር ሲጣሉ እንኳ ታደርጋለች።

ኦዲያም እኔም ተመርምረናል፤ ነጻ ነን።

ላንቺስ ምን እናድርግ? የበረራው ነገር ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ እዚህም አለ። ጠበቃ ላናግር? አቤቱታ ልጻፍ? መጻፍ እንኳ እችላለሁ። ዝም አትበይኝ።

አዳሙ


ጎንደር
ሐምሌ 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ አዳሙ፣

እግዜር ይስጥልኝ። ሃምሳ ስምንት ብለው የጻፉበትን ወረቀት ቆርጬ ትራሴ ሥር አድርጌዋለሁ።

ለእኔ ምንም አታድርጉ። የመጨረሻው በረራ ነሐሴ ላይ ነው ተባለ። ስሞቹ ተለጥፈዋል። ሦስት ጊዜ ሄጄ አነበብሁ፤ ሦስተኛው ላይ ዘበኛው ራሱ ያነብልኝ ጀመር። የለሁበትም። በሐኪሙ ምክንያት አይዶለም፤ ከድሮውም አልነበርሁበትም።

ደክሞኛል ጋሼ። ተስፋ መቁረጥ አይዶለም፣ ድካም ነው። ንጹሕ ደረቴን መንግሥት አይቶታል፤ በእሷ ስም ነው እንጂ። ይኸው ይበቃኛል። አቤቱታ ጽፈው ነገሩን ቢቆሰቁሱት እናንተ ላይ ይመጣል። ልጂቱ ትምህርቷን ትጨርስ።

ውበቴ በእኔ እንደተቆጣች አውቃለሁ። ይቅርባት አልልም። በሕይወት ያለች ሰው ትቆጣ።

ጸዳለ


ሃይፋ
ሴፕቴምበር 15 ቀን 2013

እታለም ጸዳለ፣

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ውበቴ። ፊደሌ እንደምታውቂው ነው። አዳሙ ልጻፍልሽ ብሎኝ ነበር፤ እሱ ከጻፈው ያምራል፤ እንዲያምር አልፈለግሁም።

መጀመሪያ አዳሙ ላይ ተቆጥቼ ነበር፣ ከዚያ አንቺ ላይ፣ ከዚያ ሐኪሙ ላይ። አሁን ለሁሉም ደክሞኛል። አርባ አንድ ኪሎ ነበርሁ፤ ሃምሳ ሆኛለሁ። ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ገብቷል።

የመጨረሻው አውሮፕላን ሲያርፍ በቴሌቪዥን አየሁ። ሰዎቹ ሲወርዱ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየሁ። አለመኖርሽን አውቃለሁ፤ ግን አየሁ። ከዚያ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ ነሸር ከተማ ለምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ታምሜአለሁ ብዬ ሀዳር ወዳለው የአገር ውስጥ ጉዳይ ቢሮ ሄድሁ። ለአዳሙ አልነገርሁትም፤ ኦዲያንም አልወሰድሁ። ግማሽ ቀን ወረፋ ይዤ ደረሰኝ። መስኮቱ ላይ ያለችው አዲና የምትባል ናት፣ ከወደ ሞሮኮ ናቸው ቤተሰቦቿ።

«ምን ልርዳሽ?» አለች።

«በውሸት ነው የገባሁት» አልኋት።

«አይሁድ አይደለሽም?»

«ነኝ። ኤክስሬዩ ነው የእኔ ያልሆነው።»

ስትሰማኝ ቆየች። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላውን ከፈተች። «ለዚህ ፎርም የለንም» አለችኝ።

«በባዶ ወረቀት ጻፊልኝ።»

«እመቤቴ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ማንም አልጠየቀሽም።»

«እኔን የጠየቁኝ ጊዜ እህቴ በስሜ ገባች። ኋላ እሷን ሲጠሯት በእኔ ምክንያት ቀረች። ጻፊ።»

ጻፈች። ያን ቀን ሳንባዬ የታመመ እንደነበር፣ በስሜ ደረቱን ያስነሣሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ ተጠርታ ያልቀረበች የተባለችው ቀርባ እንደነበር፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ሙሉ ስምሽን፣ የአባታችንን፣ የአያታችንን ስም ሰጠሁ። የሐኪሜን ወረቀትም አያያዝሁ። ማኅተም አደረገችበት። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ የፈረምሁት ሁሉ ሰው ተርጉሞልኝ ነው፤ ይህን ግን ማንም አልተረጎመልኝም።

ማታ ለአዳሙ ነገርሁት። «ሊመልሱን ይችላሉ እኮ» አለ። «ደብዳቤ መጻፉ ይቀርልሃል» አልሁት። ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ ወጥቶ ቆሻሻውን ደፋ፤ ቆሻሻው ባዶ ነበር።

ምን እንደሚሉ አላውቅም። ምናልባት በስምሽ ይጠሩሽ ይሆናል። ከጠሩሽ ያገጭሽን ጠባሳ አትሸፍኚ። ምናልባት እንዲያው ወረቀቱ እዚያው ይቀር ይሆናል። ምናልባትም እኔን ይመልሱኛል። ከመለሱኝ አልጋውን ወደ ግድግዳው ጠጋ አድርጊው። ሆዴ ጎድሏል፤ ለሁለታችን ይበቃል።

ውበቴ